የአማቴ እጅና የእኔ አከርካሪ

ወገቡን ያመመው ሰው መርካቶ ውስጥ ሐኪም አያጣም። ሱቅ ደጃፍ ቆሞ አንዴ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ "እህህ" ይበል እንጂ፣ ጨርቅ ነጋዴውም፣ ኩሊውም፣ ሻይ ሻጯም በየተራ ያዙለታል። አንዱ ብርድ ነው ይለዋል፣ አንዱ ኩላሊት ነው ይለዋል፣ አንዷ ደግሞ የሰው ዓይን ነው ትለዋለች። በምክንያቱ ባይስማሙም በመድኃኒቱ ይስማማሉ፤ ሁሉም "ታሽ" ይሉታል። እኔም ታሸሁ። በእግር ተረገጥኩ፣ በቅቤ ታሸሁ፣ በፍል ውሃ ተቀቀልኩ፣ በክርን ተደቆስኩ፣ በመጨረሻም ሆስፒታል ተኝቼ በሰለጠነ እጅ ታሸሁ። አንዱ መታሸት እግሬን ሊያሳጣኝ ነበር፣ ሌላው መታሸት እግሬን መለሰልኝ። ልዩነቱን ባለማወቄ የከፈልኩትን ሌላ ሰው እንዳይከፍል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ከእኔ የበለጠ የከፈለ ሰው ግን አለ፤ የእሱን ነገር ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ።

ስሜ ሰይድ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከወሎ መጥቼ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ አንድ በረንዳ ላይ ከሥራ ባልደረባዬ ከከድር ጋር ሁለት የስፌት መኪና አስቀምጠን እንሠራ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሰዓት እላፊው ገና አልተነሳም። ከጠዋት እስከ ማታ የምንሰፋው ካኪ ነበር። የካድሬ ካኪ፣ የቀበሌ ጥበቃ ካኪ፣ ለስብሰባ የሚለበስ ካኪ። ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ መኪና ሲረግጥ የሚውል ሰው ጀርባውን ቢያመው ምን ይገርማል? እኔንም አልገረመኝም።

ሕመሙ የጀመረኝ ከትከሻዬ ዝቅ ብሎ መሃል ጀርባዬ ላይ ነው። የሥራ ሕመም ሲያርፉ ይለቃል፤ ይኼኛው ተኝቼም አይለቀኝም። አመሻሽ ላይ ሰውነቴ ይግላል፣ ጠዋት ስነሳ አንሶላው በላብ ርሶ አገኘዋለሁ። ሱሪዬም ይሰፋኝ ጀመር። ወገቡን አጠበብኩት። ከወር በኋላ እንደገና አጠበብኩት። ሦስተኛ ጊዜ ፈትቼ ስሰፋው ከድር አየኝና "አንተ ሰውዬ፣ የራስህን ሱሪ ስትሰፋ ልትኖር ነው?" ብሎ ሳቀብኝ። አብሬው ሳቅሁ። የደንበኛ ወገብ ካለፈው ዓመት ሁለት ጣት ቀንሶ ካገኘሁት "አሞህ ነበር እንዴ?" ብዬ የምጠይቅ ሰው፣ የራሴን ሦስት ጊዜ በገዛ መርፌዬ እያጠበብኩ አንድም ነገር አልታየኝም።

መጀመሪያ ያከመኝ ከድር ነው። በረንዳው ላይ በደረቴ አስተኝቶ ጫማውን አወለቀና ጀርባዬ ላይ ወጣ። ከወገቤ እስከ ትከሻዬ እየረገጠ ሄደ፣ እየረገጠ ተመለሰ። አጥንቴ ቋ ሲል "ሰማኸው? ወጣልህ!" ይለኛል። ለአንድ ሰዓት ያህል እውነትም የወጣልኝ መሰለኝ። ማታ ማታ ደግሞ ባለቤቴ ዘሃራ ቅቤ አሙቃ በመዳፏ ታሸኝ ነበር። የእሷ እጅ ለስላሳ ነው፤ ሕመሙን ባያድንም እንቅልፍ ይሰጠኛል። አንድ ቀን ፍልውሃ ወርጄ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተዘፈዝፌ ዋልኩ፤ ሰውነቴ ሁሉ ፈታ አለልኝ። በማግስቱ ሕመሙ ተመልሶ መጣ።

ከዚያ ክሊኒክ ሄድኩ። ከአውቶቡስ ተራ አለፍ ብሎ ያለ ክሊኒክ ነው። አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ስምንት ሰው ተቀምጦበታል፣ ሌላው ግድግዳ ተደግፎ መሬት ላይ ነው። ከጠዋት ጀምሬ የፊቴን ሰው ጀርባ እያየሁ ቆየሁና ስምንት ሰዓት ሲሆን ገባሁ። እንደ ሐኪም የሚያክመው ድሬሰር ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

"የቱ ጋ ነው?"

"ጀርባዬን ነው።"

"ሽንትህ ይቀላል?"

"አይቀላም።"

"ኩላሊት ነው። ውሃ ጠጣ።"

ይኸው ነው። የጠበቅኩት ግማሽ ቀን፣ የታከምኩት ሻይ ቀርቦ እስኪበርድ ለማይሞላ ጊዜ። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፣ እዚያ ደግሞ ቁርጥማት ነው ብለው መርፌ ወጉኝ። ሦስተኛው የመንግሥት ጤና ጣቢያ ነበር፤ አንድ በዕድሜ ገፋ ያሉ ጤና ረዳት ሸሚዜን አስወልቀው ጣታቸውን በአከርካሪዬ ላይ ከአንገቴ ጀምረው ቀስ እያሉ አወረዱት። መሃል ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

"ይቺ እብጠት መቼ ወጣች?" አሉኝ።

እብጠት መኖሩን አላውቅም ነበር። ሰው ጀርባውን በምን ያየዋል? ወደ ሆስፒታል የሚያስልክ ወረቀት ጻፉልኝና ሲሰጡኝ፣ "ራጅ ሳትነሳ ማንም እንዳይነካህ። ሰማኸኝ? ማንም" አሉ። ሰምቻለሁ። ይህን የምጽፈው አልሰማሁም ለማለት አይደለም።

ሆስፒታሉ በነጻ እንዲያየኝ የቀበሌ ደብዳቤ አስፈለገኝ። የቀበሌው ሊቀመንበር ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው። ሰኞ ስሄድ ስብሰባ፣ ረቡዕ ስሄድ ስብሰባ፣ ሐሙስ ስሄድ ማኅተሙን የያዘው ሰው ዘመቻ ሄዷል። ጀርባዬን ይዤ በዚያ ደጅ ስመላለስ አማቴ ሰሙ።

አማቴ አባ ይመር ይባላሉ፤ ወጌሻ ናቸው። የጎጃም በረንዳ ኩሊ ሁሉ ያውቃቸዋል። ትከሻው የወለቀ፣ ቁርጭምጭሚቱ የተጠመዘዘ፣ አንገቱ ደርቆ የቀረ እሳቸው ዘንድ ይሄዳል። ገንዘብ አይቀበሉም፤ የሚታሸው ሰው የሚታሽበትን ቅቤና እጃቸውን የሚታጠቡበትን ሳሙና ይዞ ይመጣል፣ አለቀ። እኔ ዘመድ የሌለኝ ልብስ ሰፊ ሆኜ ሳለሁ ልጃቸውን ያለ አንዳች ጥያቄ የሰጡኝ ሰው ናቸው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይህ ጽሑፍ አጭር ይሆን ነበር።

ቤታችን መጥተው ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። ፊታቸው ጠቁሯል።

"የኩሊውን ሁሉ ወገብ ሳሽ እየዋልኩ፣ የልጄ ባል ወገቡን ይዞ የክሊኒክ ደጅ ይጠናል? ሰው ምን ይለኛል ሰይድ?"

"ላስቸግርዎ አልፈለግኩም አባባ።"

"ልጄን ስሰጥህ ያልተቸገርኩ ሰው አሁን እቸገራለሁ? ተነስ፣ ልብስህን አውልቅ።"

የጤና ረዳቱ ወረቀት ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። ሸሚዜን ሳወልቅ ወረቀቱን ከውስጥ አድርጌ አጣጠፍኩትና ትራስጌ አስቀመጥኩት። አላወጣሁትም። የአማት ፊት ማየት ከበሽታ ይከብድ የነበረበት ጊዜ ነው።

እሳቸው ደግሞ ሕግ አላቸው። "አንድ አጥንት ሁለት እጅ አይወድም" ይላሉ። እሳቸው የጀመሩትን ሰው እስኪጨርሱ ድረስ ሌላ አይነካውም፤ መርፌማ ጨርሶ አይታሰብም፣ መርፌ የገባበት የታሸ ገላ ይመግላል ባይ ናቸው። ሲጨርሱ ሰውየውን በሰው ፊት ያቆሙትና ሰባት እርምጃ ያስኬዱታል። ሰባቱን ከረገጠ "ጨርሻለሁ፣ ነጻ ነህ" ይሉታል፤ ያየው ሁሉ "እሰይ!" ይላል። መርካቶ ውስጥ የእሳቸው ምስክር ወረቀት ያ ሰባት እርምጃ ነው።

እውነቱን ልናገር፤ ሲጀምሩ ደስ ይላል። ቅቤውን በመዳፋቸው አሙቀው ከትከሻዬ ጀምረው ወደ ታች ሲወርዱ፣ ለዓመታት ካኪ ላይ ሳጎነብስ የተቋጠረውን ሥጋ አንድ በአንድ እያገኙ ፈቱት። በዚህ እጃቸውን የሚያህል የለም። ከዚያ አውራ ጣታቸው እብጠቷ ላይ አረፈ።

"አገኘኋት!" አሉ እንደ ሕፃን ደስ ብሏቸው። "አጥንት ወጥታለች። እመልሳታለሁ።"

ወጥታለች ያሏትን አጥንት ሊመልሱ ሦስት ሳምንት በየሁለት ቀኑ ተጫኑኝ። ሲደክማቸው በክርናቸው፣ እሱም ሲያንስ በጉልበታቸው። ከድር እግሬን ይይዛል። እኔ ጋቢ ነክሼ እጮሃለሁ። "ቻል ልጄ፣ ቻል፣ ሕመሙ ሲወጣ ነው" ይሉኛል፤ ላባቸው ጀርባዬ ላይ ይንጠባጠባል። ዘሃራ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ትሰማለች። አንድ ቀን ሲጨርሱ ቀና ብዬ ሳያቸው ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እጃቸው እንደዚያ ሲጨክን ሆዳቸው ለእኔ እያዘነ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት የእግሬ ጣቶች ደነዘዙ። ነገርኳቸው። "ጅማቱ እየተፍታታ ነው፣ ደግ ምልክት ነው" አሉኝ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ጨርቁን አስተካክዬ እግሬን እርገጥ አልኩት። እምቢ አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ እግሬ መርገጫው ላይ እንደተቀመጠ ነው፣ እኔ ግን መቀመጡ አይሰማኝም። ልነሳ ስል በረንዳው ላይ በግንባሬ ተደፋሁ።

ዘሃራ አባቷን አላስጠራችም። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ቀጥታ ጎጃም በረንዳ ሄደችና ጋሪ ይዛ መጣች። ጋሪውን የሚገፋው ደረሰ የሚባል ኩሊ ነው፤ እኩያዬ ነው፣ አገሩ ጎጃም ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። ትከሻው ወልቆ አማቴ የመለሱለት ሰው ስለነበር ቤታችንን ያውቃል። ጆንያ ደራርቦ አነጠፈልኝ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ አስተኛኝ፣ እስከ ሆስፒታሉ ድረስ ዳገቱን ብቻውን ገፋኝ። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር "አይዞህ ወንድሜ፣ ይቺን ብቻ እንለፋት" እያለ ጋሪውን በደረቱ ደግፎ ቀስ አድርጎ ያሳልፈኛል። በሩ ላይ ሲያወርደኝ ዘሃራ ብር ዘረጋችለት። "በታመመ ሰው አልነግድም" አለና ጋሪውን አዙሮ ሄደ።

ኮሪደሩ ውስጥ ሁለት ቀን ተኛሁ። አልጋ የለም። ከጎኔ ልጇን ልታሳክም ከሩቅ የመጣች ሴት ነበረች፤ ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም፣ በቀን ያላትን ዳቦ ለሦስት ትከፍለው ነበር፣ ለልጇ፣ ለእሷና ለእኔ። በሦስተኛው ቀን ራጅ ተነሳሁ። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ ራጁን ወደ መስኮቱ ይዞ ብዙ ቆየ፣ ከዚያ በአስተርጓሚ ነገረኝ። ሁለት የአከርካሪ አጥንቶችህን ቲቢ በልቷቸዋል አለኝ።

"እኔ እኮ አልስልም" አልኩት።

ቲቢ ሳንባ ላይ ብቻ አይቀመጥም አለኝ። አጥንትም ውስጥ ገብቶ እንደ ነቀዝ ይቦረቡረዋል። አመሻሽ ላይ የሚያግለኝ፣ ሌሊት የሚያልበኝ፣ ሱሪዬን የሚያሰፋብኝ እሱ ነበር። እብጠቷ የወጣች አጥንት ሳትሆን የተደረመሰ አጥንት ነበረች። የላላው አጥንት ሲገፋ ወደ ውስጥ ገብቶ በአከርካሪው መሃል የሚወርደውን፣ እግርን የሚያዝዘውን የነርቭ ገመድ ተጭኖታል።

"ማነው እዚህ ላይ የተጫነህ?" አለ አስተርጓሚው።

ዘሃራ ከአጠገቤ ቆማለች። መሬት መሬት አየች።

"ማንም። ወድቄ ነው" አልኩ።

ሰውነቴን በጀሶ ከደረቴ እስከ ዳሌዬ አሸጉኝ። በየቀኑ መርፌ፣ በየቀኑ ክኒን። አማቴ ሊጠይቁኝ መጥተው መርፌውን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። ሌሊት ሌሊት እግሬ ከብርድ ልብሱ ሥር መኖሩን በእጄ እየዳሰስኩ አረጋግጣለሁ። የቀበሌው ደብዳቤ ስላልነበረን ዘሃራ ለሕክምናው ቤት ያስቀመጥኩትን ሌላ የስፌት መኪና ሸጠች። እኔ ከበላዬ ጣሪያው ላይ የሚሄደውን ስንጥቅ እያየሁ አራት ወር ተኛሁ።

እዚያ ነው ሲስተር አበበችን ያገኘኋት። የሥራዋ ስም ፊዚዮቴራፒ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ያው ማሸትና ማንቀሳቀስ ነው። መጀመሪያ ቀን ቫዝሊን ቀብታ እግሬን ከጣቶቼ ወደ ላይ ቀስ እያለች ስታሸኝ፣ "እህቴ፣ ይኼ እኮ መዳበስ ነው፣ ጠበቅ አድርጊው" አልኳት። የአባ ይመርን ክርን የለመደ ሰው ይህን ማሸት አይለውም።

"አንተ ሰውዬ፣ ዱቄት መሰልኩህ የማቦካህ?" አለችኝ።

እያሸችኝ ታስተምረኝ ነበር። ማሸት ብዙ ዓይነት ነው ትላለች። ወደ ልብ አቅጣጫ በቀላሉ የሚዳበስ አለ፤ እሱ የተኛን እግር እብጠት ያወርዳል፣ ደም ያንቀሳቅሳል። ሥጋን በሁለት እጅ ይዞ ማፍተልተል አለ፤ እሱ የሰለለ ጡንቻ እንዳይሞት ይረዳል። በጣት ጠበቅ አድርጎ መጫን ደግሞ ሥራ የቋጠረውን ጅማት ይፈታል፣ የደከመውን ያሳርፋል። ሁሉም ጥሩ ነው፣ ሁሉም ቦታ አለው። "ግን" ትለኛለች ጣቷን ቀስራ፣ "ትኩሳት ያለበት፣ ሌሊት የሚያልበው፣ የሚከሳ፣ አጥንቱ ላይ እብጠት ያለበት ሰው፣ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ አይታሽም። አጥንት ላይ ደግሞ ማንም በክርኑ አይወጣም።" ይህን ያነበበ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይቺን አይርሳ።

በየቀኑ ዓይንህን ጨፍን ትለኝና የእግሬን ጣት ትይዛለች። "የቱ ነው?" ትላለች። ለሁለት ወር በግምት ስመልስ ኖርኩ፤ ተሳስቼ የማላውቅ ይመስል "ትልቁ" እላለሁ። አንድ ጠዋት ግን ያለ ግምት "ትንሹ፣ የግራው" አልኩ። እጇ ቆመ። ዓይኔን ስገልጥ ሲስተር አበበች ፊቷን በጋውኗ እጅጌ እየጠረገች ነበር። እኔም አለቀስኩ፣ አላፈርኩም።

በምርኩዝ ቆምኩ፣ በምርኩዝ ተራመድኩ፣ ከዚያ ያለ ምርኩዝ። ጀርባዬ ላይ እስከ ዛሬ የማይጠፋ ጉብታ ቀርቷል፤ ኮቴን ስሰፋ የጀርባውን ቁራጭ ለብቻው እቆርጠዋለሁ። ክኒኑን ከዓመት በላይ መዋጥ ነበረብኝ። ከአዝራር ቆርቆሮ ውስጥ ደብቄ ነበር የምውጠው። ቲቢ መባሉ ከተሰማ ማን በአንድ ብርጭቆ ሻይ ይጠጣል? ማን ልብሱን ያሰፋል? ከዘሃራ ጋር ተማከርንና ለጠየቀን ሁሉ "ወገቡን ነው" አልን። ለአባቷም እንዲሁ አልናቸው።

"እጅዎ ነው ያባሰው ቢባል አባዬ ይሞታል" አለችኝ። "በእኔ ይሁንብህ ሰይድ፣ እንዳትናገር።"

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ መድኃኒቱን አግኝቻለሁ፤ ያሳጣሁት ሌላውን ሰው ነው።

ከሆስፒታል ወጥቼ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ጁምዓ፣ ሶላቱ አልቆ መንገዱ በሰው ሲሞላ አማቴ ተምር በሳህን ይዘው በረንዳችን መጡ። ከኋላቸው ኩሊው፣ ጨርቅ ነጋዴው፣ ሻይ ሻጯ ተከትለዋል። ትከሻዬን ያዙኝና አስነሱኝ።

"ሳልጨርስለት ነበር የወሰዱት" አሉ ለሰዉ ጮክ ብለው። "አጥንቷን መልሻት ስለነበር ግን ሆስፒታሉ አስተኝቶ አሳረፈው። አልሐምዱሊላህ! በል ልጄ፣ እርገጥ።"

ዘሃራ በሩ ላይ ነበረች። ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ታየኛለች። ሽማግሌው ደግሞ ፊታቸው በርቷል፤ ውሸት እየተናገሩ አልነበረም፣ ያመኑትን ነው የሚናገሩት። ውሸታሙ እኔ ነበርኩ። አንድ ብዬ ረገጥኩ። ሁለት። ሰዉ አብሮ ይቆጥራል። ሰባት ላይ ስደርስ "እሰይ! ማሻአላህ!" ተባለ፣ ተምሩ ታደለ። ከሁሉም በላይ የሚጮኸው ገመዱን ትከሻው ላይ ጣል ያደረገው ደረሰ ነበር። መጥቶ አቀፈኝና "በጆንያ የጫንኩህ ሰው!" አለ።

ከሁለት ወር በኋላ ይኸው ደረሰ በረንዳችን ላይ መጥቶ አረፍ አለ። ጀርባዬን አመመኝ አለ። ጉንጩ ጎድጉዷል። ሱሪው ወገቡ ላይ በሲባጎ ታስሯል። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው እዚያ ላይ ነው።

"ሌሊት ያልብሃል?" አልኩት።

"ኧረ እንዴት አወቅህ! አንሶላ እጨምቃለሁ።"

አወቅሁ። ያን ጊዜ፣ እዚያው፣ ሁሉን አወቅሁ። ከድር አጠገቤ ይሰፋል፣ ሁለት ደንበኞች ቆመዋል። ቲቢ የምትለዋን ቃል ምላሴ ላይ አደረስኳትና ዋጥኳት።

"ሐኪም ቤት ብቅ ብትል ጥሩ ነው" አልኩት፤ ዝናብ ሳይመጣ ብትሄድ ይሻላል እንደሚባለው ባለ ድምፅ።

ሳቀብኝ። "ሐኪም ቤትማ አንተን ያደረስኩህ እኔ ነኝ። ያዳኑህ ግን አባ ይመር ናቸው፣ ሰባቱን ስትረግጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ነገ ቅቤና ሳሙና ይዤ እሄዳለሁ።"

ጨርቁን አስተካክዬ መኪናዬን ረገጥኩ። እግሬ ያን ቀን በደንብ ይታዘዘኝ ነበር።

ወር ሳይሞላ ደረሰ ኩሊዎች ተጠጋግተው ከሚያድሩበት ቤት መነሳት አቃተው ሲባል ሰማሁ። ሮጬ ሄድኩ። እግሩ ደንዝዟል፣ ሽንቱም አይታዘዘውም። ጓደኞቹ በገዛ ጋሪው ላይ ጫኑትና ወደ ሆስፒታል ወሰድነው፤ እኔ ከጎኑ እየሄድኩ "አይዞህ" እላለሁ። ያው ሐኪም፣ ያው ራጅ፣ ያው ንግግር። ያው መርፌ፣ ያው ጀሶ። ቀኑ ግን ያው አልነበረም፤ ለእሱ አልፎበት ነበር። ሲስተር አበበች ስድስት ወር አሸችው፤ ዓይንህን ጨፍን፣ የቱ ጣት ነው ትለዋለች። ደረሰ እስከ መጨረሻው በግምት መለሰ። "የተጫነ ነርቭ ይመለሳል፣ የሞተ አይመለስም" አለችኝ ኮሪደር ላይ። ማን እንዳሸው አልጠየቀችኝም፤ በዓይኗ ብቻ አየችኝ።

አገሩ የሚገባ ዕለት አውቶቡስ ተራ ሸኘሁት። ኩሊዎቹ ተሸክመው መስኮት አጠገብ አስቀመጡት። የሸክም ገመዱን ጠቅልሎ ጭኑ ላይ ይዟል፤ ለምን እንደያዘው አልጠየቅኩትም። አውቶቡሱ ሲነሳ እጁን በመስኮት ዘርግቶ እጄን ያዘኝ።

"አንተም እንደኔ ነበርክ አይደል?" አለኝ። "ተራምደህ የለ? እኔም እራመዳለሁ።"

"አሚን" አልኩት።

ከዚያ ቤቴ አልገባሁም። ቀጥታ አማቴ ዘንድ ሄድኩ። አንድ ሰው አሽተው ጨርሰው እጃቸውን በሳሙና እየታጠቡ ነበር። ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ወረቀቱን ትራስጌ ማስቀመጤን፣ ቲቢውን፣ የተደረመሰውን አጥንት፣ የአዝራር ቆርቆሮውን፣ ደረሰን። "አባባ፣ እኔን ያዳነኝ የእርስዎ እጅ አይደለም። ደረሰንም የጎዳው እሱ ነው" አልኳቸው። ልሰብራቸው ፈልጌ ነበር፤ አልዋሽም። ያን ሁሉ ጊዜ የያዝኩትን አንስቼ እሳቸው ላይ ልጥለው ነበር የሄድኩት።

ሳሙናው እጃቸው ላይ ደረቀ። ሁለቱን መዳፎቻቸውን ገልብጠው የሰው ዕቃ እንደያዘ ሰው አዩዋቸው፣ ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም።

"እኔ አላወቅኩም ልጄ፣ አላህ ያውቃል። አንተ ግን ታውቅ ነበር" አሉኝ። "ታዲያ ያን ጁምዓ ለምን ተራመድክ?"